ጎንደር ላይ አጥንት ሲሰበር ወዴት? ከወጌሻ እስከ ሆስፒታል

«እናቴ ወድቃ እጇ አብጧል፣ ጎንደር ላይ ጥሩ የአጥንት ሐኪም ጠቁሙኝ» ላልሽው እህታችን፣ ግማሹ ሰው ወጌሻ፣ ግማሹ የግል ክሊኒክ ጠቁሞሻል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ራጅ ትነሳ እላለሁ። እስከዚያ ቀለበትና አምባር ካላት ቶሎ አውልቂላት፤ እብጠቱ ከጨመረ አይወጣም። እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥይላትና ውሰጃት።

ወለምታ የመሰለ ስብራት ሞልቷል። በልጆች ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። አጥንታቸው የሚያድገው ጫፉ አካባቢ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የደረሰ ጉዳት በወጉ ካልታከመ እጅ ወይም እግር ተጣሞ ወይም አጥሮ ሊቀር ይችላል።

አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ፣ ጭን ወይም ዳሌ ከሆነ፣ ወይም የመኪና አደጋ ከሆነ ሌላ ቦታ አትዙሩ። በቀጥታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። ክፍት ቁስል ያለው ስብራት ቶሎ መታጠብ፣ አንቲባዮቲክና የቴታነስ መከላከያ ይፈልጋል። ወረፋው ያሰለቻል፣ እውነት ነው። ለቀጠሮ ጉዳይ የጤና መድን ካርድ ያላችሁ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ።

የግል ክሊኒክ ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ቀላል ለሆነና ቆዳ ላልበሳ ስብራት ይበቃል። ግን ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፦ የአጥንት ስፔሻሊስቱ ዛሬ አለ ወይስ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው? ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ የሚገባው ብረት ዋጋው ውስጥ አለ? ከዚያ በኋላስ ማን ይከታተላል?

አሁን ወደ ወጌሻ ልምጣ። ብዙዎቻችን ያደግነው በወጌሻ እጅ ታሽተን ነው፤ ሰው የሚያምናቸውም ቅርብና ርካሽ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፣ ያጽናናሉ። የሚያስፈራኝ ማሰሪያው ነው። የቀርከሃ ስንጣቂ ዙሪያውን ተደርድሮ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ማበጡን አያቆምም። መሄጃ ሲያጣ የደም ሥሩን ይጫናል። ጣቶቹ ይወጠራሉ፣ ያብለጨልጫሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀዩ ቀለም ካልተመለሰ አደጋ ነው። ጣቱን ሌላ ሰው ሲዘረጋው ሕመሙ የሚያስጮህ ከሆነ፣ የሕመም ማስታገሻም ካላስታገሰው፣ ጥፍሩ ቀይ ቢሆንም እንኳ አትጠብቁ። ማሰሪያውን ፍቱና ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሩጡ። ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መቆረጥ ነው። ጀሶ የታሰረ ሰውም ይህ ምልክት ካለው ያሰረው ጋ ወዲያው ይመለስ፣ ነገ አይባልም።

ሳይወድቅ እግሩን አሞት ትኩሳት ያለው ልጅ ካላችሁ ደግሞ በፍጹም አታሳሹት። አጥንቱ ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ለተወለደ ሕፃን «ሲያድግ ይስተካከላል» የሚለውን አትስሙ። ፖንሴቲ የሚባል ሕክምና አለ። በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጊዜ፣ እግሩ ቀስ ብሎ ይቀናል። ከዚያ ልዩ ጫማ አለ፤ 3 ወር ቀንና ሌሊት፣ በኋላ ሲተኛ ብቻ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ። ወላጅ የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፣ እግሩም ተመልሶ የሚዞረው ጫማው ሲተው ነው። መጀመሪያ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም በዚህ ይታወቃል።

ፊዚዮቴራፒን፣ ማለትም መገጣጠሚያና ጡንቻን በእንቅስቃሴ የሚመልሰውን ሕክምና፣ ሰው ይዘለዋል፣ ያሳዝነኛል። ጀሶ ሲፈታ ክርኑ አልታጠፍ ይላል፣ ጡንቻው ከስቷል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ ፊዚዮቴራፒስት የሚያሰለጥን ስለሆነ ባለሙያ አለ። ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

ክራንች ስትገዙ ቁመቱ የሚስተካከለውን ምረጡ። ስትቆሙ በብብትና በክራንቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ጣት ይግባ፤ ክብደታችሁ መዳፍ ላይ እንጂ ብብት ላይ አይረፍ፣ ነርቭ ይጎዳል። የጫፉ ጎማ ያለቀ ከሆነ አትቀበሉ፤ የእኛ ከተማ ዳገትና ኮብልስቶን በክረምት ምሕረት የለውም። ለቀላል የቁርጭምጭሚት ወለምታ ውድ ማሰሪያ አያስፈልግም፣ ተራው ላስቲክ ፋሻ ይበቃል።

አዘዞ ወይም ማራኪ አካባቢ ጥሩ ፊዚዮቴራፒ የሚሰጥ የግል ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ከነዋጋው ጻፉልን።