በሐዋሳ ዙሪያ ላሞችን መቀነስ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከሐዋሳ ወጣ ብሎ በጥቁር ውኃ ወንዝ አቅራቢያ ሲሆን፣ አምስት የአገር ላሞች አሉኝ። የረግረጉ ዳር ግጦሽ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዷል፤ በኮቴ የተረገጠው አፈርም ክረምት ሲገባ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ላሞቹን ሸጬ ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ሁለት ዲቃላ ላሞች ልግዛ ብል፣ ለችግር ቀን የሚሸጥ ጥሪት ማጣቱ ያስፈራኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሽጡ። እኔ በመጀመሪያ በማሳዬ ድንበርና በእርከኑ ላይ ደሾ የተባለውን የመኖ ሣር ግንጥል ተከልሁ፤ አሁን ጤዛው ከረገፈ በኋላ በማጭድ አጭጄ በረት ውስጥ እቀልባለሁ። ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ስለሚይዝ ጎርፉም ረግቧል።

መልስ፦ በዚህ ላይ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ስለሌለው፣ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። በደንብ የተቀለበች ላም ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት የምትለቀው ሚቴንም (አየርን የሚያሞቀው ጋዝ) አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ዲቃላ ላም ፉርሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ጭማቂ ተረፈ ምርት) ካላገኘች ከአገሯ ላም የተሻለ አትሰጥም፤ መዥገርንም እንደ አገሯ ላም አትቋቋምም። (የፋጉሎን ዋጋ ሳይጠይቁ ላም እንዳይገዙ።)

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ግን ላሞቹ ከቀነሱ እንሰቱ ፍግ ያጣል ትላለች።

መልስ፦ እውነቷን ነው፣ እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። ነገር ግን በግጦሽ የሚውል ከብት እበቱን ሜዳ ላይ በትኖት ነው የሚመጣው፤ በረት ውስጥ ከዋሉ ግን የቀሩት ላሞች የሚጥሉት ሁሉ ጓሮ ይገባል።