ከክትትል የቀሩትን ታካሚዎች ውጤት በምን ልሙላው?

ሰላም ወገኖች፣ ስታቲስቲክስ የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚካሄድ የድባቴ ሕክምና ሙከራ ላይ ዳታ የምተነትነው እኔ ነኝ። ታካሚዎቹ በዕጣ ተከፍለዋል፤ አንዱ ቡድን የምክር አገልግሎት ያገኛል፣ ሌላው የተለመደውን ሕክምና። መለኪያችን ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መጠይቅ ነው፤ 9 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27፤ ነጥቡ ሲጨምር ድባቴው ብሷል ማለት ነው።

ችግሬ ለክትትል ያልመጡት ናቸው። ዳታ ሰብሳቢዎቹ ፎርሙ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጫር ጫር አድርገዋል፦ «ጠበል ገብታለች»፣ «ተሽሎት ሥራ ጀመረ»፣ «ቤት ለቀዋል»። አንዱ ድኖ ነው የቀረው፣ ሌላው ብሶበት። (ጠበል የሄደ ሁሉ ብሶበታል ማለቴ አይደለም።) ሞዴሌ ግን የቀሩት ውጤት ከተመዘገበው ዳታ ይገመታል ብሎ ነው የሚነሳው። አለቃዬ «ከመቅረታቸው በፊት የተመዘገበውን የመጨረሻ ነጥብ ደግመህ ሙላና ገላግለን» ይላል። ይሄማ አይዋጥልኝም፤ ሰውየው ባለበት ቆሟል እንደማለት ነው።

ያሰብኩት የጎደለውን ውጤት በተለያየ ግምት ደጋግሞ መሙላት፣ ከዚያ እንደ ማስታወሻው ነጥብ እየጨመርኩና እየቀነስኩ ድምዳሜው የት እንደሚገለበጥ ማየት ነው። ግን ስንት ነጥብ? ለሁለቱም ቡድን እኩል ይሁን? ማስታወሻ የሌለውስ? ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ገና አላየሁም፤ የትንተና ዕቅዱን አሁን ባሻሽል ያስኬዳል? በአር (R) የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሠራችሁት ኮድ ካላችሁ ብታሳዩኝ ውለታችሁ አለብኝ።