የተቋረጠ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለ‹ጄኔራል ስተዲስ› ዲግሪ ምን ያህል ይያዛል?

ጠያቂ፣ ከአራዳ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሼ፣ በኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት የሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከወሰድሁ በኋላ በቤተሰብ ጉዳይ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቼ ወጥቻለሁ። አሁን እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ሥራዬን ሳልለቅ ዲግሪ ለመያዝ መንገድ ስፈልግ፣ በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት ጭምር የሚሰጡትን ‹ጄኔራል ስተዲስ› የተባለ የባችለር ዲግሪ አገኘሁ። ቀደም ሲል የተወሰዱ ኮርሶችን ሰብስቦ ስለሚይዝ ትምህርት ላቋረጠ ሰው የተመቸ ነው ይባላል። ጠቅላላ መሥፈርቱ 120 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) መሆኑን አይቻለሁ፤ ያልገባኝ ግን የእኔ ኮርሶች በየትኛው ክፍል እንደሚገቡ ነው። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ በሬጅስትራር ሥራ የቆየ፣ ከማራኪ

ወንድሜ፣ 120 የሚለውን ቁጥር ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉትና በመጀመሪያ የእኛ ክሬዲት እንዴት እንደሚቆጠር ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው ክሬዲት የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም እንደገና ከተጀመረ ወዲህ ከሚሰጡት የጋራ ኮርሶች አብዛኞቹ 3 ክሬዲት አወር ሲሆኑ፣ በአውሮፓው አቆጣጠር ደግሞ 5 ኢሲቲኤስ ተብለው ይመዘገባሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በእኛ አሠራር አንድ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ሥራ ስለሚይዝ 5 ኢሲቲኤስ 135 ሰዓት ይሆናል። በአሜሪካም ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ማለት ለ15 ሳምንታት በየሳምንቱ 3 ሰዓት በክፍል፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ እጥፉን መሥራት ስለሆነ ድምሩ ያው 135 ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ የትምህርት ማስረጃ የሚመዝኑ አንዳንድ የውጭ ገምጋሚዎች የአውሮፓን ልማድ ተከትለው ኢሲቲኤሱን ለሁለት ያካፍሉታል፤ በዚህ ጊዜ ባለ 3 ክሬዲቱ ኮርስ 2.5 ሆኖ ይወጣል። በአንድ ኮርስ ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በ10 ኮርስ ግን 5 ክሬዲት ይጎድላል። ስለዚህ ትራንስክሪፕትዎ ሁለቱንም ቁጥሮች ማሳየቱን ያረጋግጡ፤ የየኮርሱን ዝርዝር ይዘትም ከዲፓርትመንትዎ አስፈርመውና ማኅተም አስደርገው ይያዙ።

ሌላው ጉዳይ ኮስት ሼሪንግ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ገምጋሚ ድርጅት የሚቀበለው በእጅ የተያዘውን ኮፒ ሳይሆን ከሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክለትን ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ነው። ይህን ለማስላክ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ዕዳ መከፈል ስላለበት ገንዘቡን አስቀድመው ያስቡበት።

መልስ፣ የቀበሌ 18 ልጅ፣ ከቴክሳስ

ወንድሜ፣ እኔ ጎንደር የጀመርሁትን ትምህርት እዚህ በጄኔራል ስተዲስ ነው የጨረስሁት፤ የማውቀውም የቴክሳስን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ነው። ዲግሪው በአራት ክፍል የተሠራ ነው ብለው ያስቡ።

የመጀመሪያው ኮር የሚባለው የጋራ ትምህርት ሲሆን በቴክሳስ 42 ክሬዲት ነው። ከዚህ ውስጥ 6ቱ የአሜሪካ ታሪክ፣ 6ቱ ደግሞ የፌዴራሉና የቴክሳስ መንግሥት አወቃቀር እንዲሆኑ በግዛቱ ሕግ ተወስኗል። ስለሆነም የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክም ሆነ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት እነዚህን አይተኩም። አይጣሉም፤ ግን በምርጫ ኮርስነት ነው የሚቀመጡት። ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂና ኢኮኖሚክስ ብዙ ጊዜ በማኅበራዊ ሳይንስ ቦታቸው ያለ ችግር ይገባሉ። ሎጂክ እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ አንዳንዱ ፍልስፍና ብሎ ይይዘዋል። የእንግሊዝኛ ኮሙኒኬሽን ኮርሶችን ግን የጽሑፍ ድርሰት ኮርስን ይተኩልኛል ብለው አይተማመኑባቸው፤ ያ ኮርስ በምንጭ የተደገፈ ረጅም ጽሑፍ ማዘጋጀትን የሚጠይቅ በመሆኑ እንደገና ውሰዱ የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ፊዚካል ፊትነስ ደግሞ ‹አልፏል› ወይም ‹ወድቋል› ተብሎ ብቻ ስለሚመዘገብ ምንም አይቆጠርም፤ በስታዲየም የሮጥነው ለጤናችን ሆኖ ይቅር።

ሁለተኛውና ዋናው ክፍል የከፍተኛ ደረጃ ኮርሶች ናቸው። የጄኔራል ስተዲስ ማስታወቂያዎች ይህን በትንንሽ ፊደል ይጽፉታል። ከ120ው ውስጥ እንደ ዩኒቨርሲቲው ከ30 እስከ 45 ክሬዲት የሚሆነው በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ደረጃ የሚሰጥ ኮርስ መሆን አለበት። የእርስዎ ኮርሶች በሙሉ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት በመሆናቸው በዚህ ክፍል ያለዎት ዜሮ ነው። የመቶ ክሬዲት ባለቤት ቢሆኑ እንኳ ይህ ክፍል ባዶ ከሆነ አይመረቁም።

ሦስተኛው፣ ከጠቅላላው ቢያንስ 25 በመቶ ማለትም 30 ክሬዲት ዲግሪውን ከሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ራሱ መወሰድ አለበት። አራተኛው ነጻ ምርጫ ነው፤ የተረፈው ሁሉ እዚያ ይገባል። ከ‹ሲ› በታች የሆነ ውጤት በአብዛኛው አይዛወርም፤ ለመመረቅም አማካይ ውጤት 2.00 ያስፈልጋል።

ምክሬ ይህ ነው፦ አንድ ብር ሳይከፍሉ በፊት ትራንስክሪፕትዎን ልከው ኮርስ በኮርስ የተሠራ ግምገማ በጽሑፍ ይጠይቁ። ‹እስከ 90 ክሬዲት እንቀበላለን› የሚለው አነጋገር የጣሪያውን ከፍታ ብቻ ነው የሚናገረው፤ የእርስዎ ኮርሶች ስንቱ በየትኛው ክፍል እንደሚገቡ አይነግርዎትም።

ጠያቂ፣ ከአራዳ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የከፍተኛ ደረጃውን መሥፈርት ማንም አልነገረኝም ነበር። እንግዲህ የምፈራው አንድ ነገር ቀረ፤ ዲግሪው ተይዞ ሲመጣ እዚህ አገር ሥራ ያስገባል?

መልስ፣ መምህር፣ ከአዘዞ

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉም በፊት ማንሳት ነበረብህ ባይ ነኝ። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃለህ፤ ‹በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው› ይላል። የሰው ሀብት ሠራተኛው ማስረጃህን ይዞ የሚያመሳክረው የመስኩን ስም ነው፤ ‹ጄኔራል ስተዲስ› ደግሞ ከየትኛውም ጋር ተዛማጅ ነው ብሎ ለመፈረም የሚደፍር ኮሚቴ አላየሁም። ለግል ድርጅት፣ ለአስጎብኚነት ወይም ለራስህ ሥራ ላይገድ ይችላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ይገድዳል፤ ለማስተርስ ስታመለክትም ያው ጥያቄ ይከተልሃል። በዚያ ላይ የውጭ ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሠራለት ስለሚገባ፣ የመረጥኸው ዩኒቨርሲቲ በአገሩ ዕውቅና ያለው መሆኑንና በኢንተርኔት የተሰጠ ዲግሪ እንዴት እንደሚስተናገድ ከመመዝገብህ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቅ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ትምህርት በብር ደመወዝ ምን እንደሚመዝን አንተ ራስህ አስላው። በእኔ እምነት ሪድሚሽን (ወደ ዩኒቨርሲቲህ ዳግም መመለስ) ጠይቀህ ኢኮኖሚክስህን ብትጨርስ ይሻልሃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለና 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅብሃል፣ ግን የመስኩ ስም በዲግሪህ ላይ ይጻፍልሃል።

መልስ፣ የቀበሌ 18 ልጅ፣ ከቴክሳስ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ ሪድሚሽኑ ከተሳካ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ካልተሳካ ግን ጄኔራል ስተዲስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን በሁለት ወይም በሦስት የትኩረት መስክ እንዲያሰባስቡ ያስገድዳል፤ አንዳንዱ እንደፈለጉ ይበትኗቸው ይላል። የመጀመሪያውን ዓይነት ይምረጡና የከፍተኛ ደረጃ ኮርሶችዎን ኢኮኖሚክስና ቢዝነስ ላይ ያድርጓቸው። ግምገማውን ሲጠይቁም ‹የትኩረት መስኩ በትራንስክሪፕቱ ላይ በስሙ ይጻፋል ወይ?› የሚለውን ጥያቄ ይጨምሩበት፤ መልሱንም በኢሜይል ይቀበሉ።