ነገ ልቆርብ ነው፣ ደስታው ግን የለም! የነቃ ሰው ካለ ይመልስልኝ

የሰሚቷ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ነገ ጠዋት ልቆርብ ነው፣ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ትናንት ጨርሻለሁ። በቀን 41 ስግደት ለሁለት ሳምንት፣ ጉልበቴ አልቋል። አባ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውኛል። ሰው ሁሉ ሸክሜ ወረደ፣ ቀለለኝ ይላል። እኔ ምንም! እንደውም ባሰብኝ። ይቅር አልተባልኩም ማለት ነው? ልቅር?

ቡና በጀበና፦ እህቴ 18 ሰዓት ጾሞ ደስ የሚለው ሰው እኔ አላውቅም ሃሃሃ

እናት ዓለም፦ የኔ ልጅ መዝሙር 50ን ድገሚ። ይለቅሻል።

ደብተራው፦ መጀመሪያ ንስሐ ምንድን ነው የሚለውን እንይ። ሐዘን አለው፣ ኑዛዜ አለው፣ ቀኖና አለው። የዘመኑ ሰው ግን ሦስቱን ሳይለይ ለቅሶና እልልታ ይፈልጋል። ሉቃስ 15ን አንብቢ። ደስ ያለው ማነው? የበጉ ባለቤት፣ ድሪሟ (የብር ገንዘቧ) የጠፋባት ሴት፣ የልጁ አባት። በጉ ደስ አለው የሚል የለም። ደግሞ ጥያቄ ስትጠይቁ አሟልታችሁ ጻፉ፣ ስንቴ ልንገራችሁ።

ጌታ ያድናል፦ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9። ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነና ጻድቅ ነው። አለቀ። ስግደቱ ምን ያደርጋል?

ደብተራው፦ ወንድሜ የተጠየቅከው ስለ ቁርባን ነው፣ ወደ ሌላ አትውሰደን።

የጉለሌው፦ እኔ ግን ደስታ ምልክቱ ነው ያለሽ ማነው? ዳዊት «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» ያለው እኮ ነቢዩ ናታን መጥቶ ከገሠጸው በኋላ ነው። በእጁ ቢሆን ምን ያስለምነዋል? ጴጥሮስም ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ አለቀሰ እንጂ አልጨፈረም።

እናት ዓለም፦ እሱ መዝሙር 50 ነው። ብዬ ነበር።

ዝምተኛው፦ ኃጢአትሽን አልጠይቅም። ሰው የተጎዳበት ነገር ነው? ከሆነ ክሰሻል?

የሰሚቷ፦ እሺ ልናገር። የእቁብ ጸሐፊ ነበርኩ። ከጓደኛዬ እጣ 6 ሺህ ብር አጉድዬ ሰጠኋት፣ አልቆጠረችውም። አባ መልሺ ብለውኝ በቴሌብር ላክሁላት። ምን ብትል ጥሩ ነው? «በስህተት ገብቶልኛል» ብላ ወዲያው መለሰችልኝ። ጭራሽ «ተጠንቀቂ እንጂ የኔ እህት» አለችኝ።

ቡና በጀበና፦ ይቅርታ ሳቄ መጣ። መላክ ካስቸገረሽ ለኔ ላኪው፣ እኔ አልመልስም።

የጉለሌው፦ ቆይ፣ ታዲያ ምን አልሻት?

የሰሚቷ፦ «አመሰግናለሁ» አልኳት።

ዝምተኛው፦ በይ አገኘሽው። ብሩን ስትመልሺ ራስሽን ደብቀሽ ነው። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ነገ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ ያቺ ልጅ አጠገብሽ ብትቆም ቀና ብለሽ ታያታለሽ? ብሩ እንደተመለሰብሽስ አባ ያውቃሉ? ካላወቁ ቅዳሴ ሳይገባ ደውዪላቸው። ቁረቢም ተዪም የሚሉሽ እሳቸው ናቸው፣ እኛ አይደለንም።

ጌታ ያድናል፦ በዚህስ ተስማምቻለሁ። ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ሰው ፊት ቆሞ ነው።

ቡና በጀበና፦ አራት እጥፍ 24 ሺህ ነው፣ ቀስ በሉ።

የሰሚቷ፦ እየደወልኩላት ነው። አታነሳም። ተኝታ መሰለኝ።

የጉለሌው፦ ጻፊላት። «ብሩ ስህተት አይደለም፣ ያንቺ ነው፣ ጠዋት አስረዳሻለሁ» በቂ ነው። አታንዛዢው።

የሰሚቷ፦ ብትጠላኝስ? 8 ዓመት ጓደኛዬ ናት።

ዝምተኛው፦ ልትጠላሽ ትችላለች።

የሰሚቷ፦ ጻፍኩ። ላክሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ቡና በጀበና፦ (በሦስተኛው ቀን) የሰሚቷ ምን ደረሰሽ? ቆረብሽ? እኔ እንኳ እያሰብኩሽ ነበር፣ የምሬን ነው።

እናት ዓለም፦ መዝሙር 50ን ደገምሽ ወይ የኔ ልጅ?