ወንድሜ ፓይለት ነው፤ ለሙት ዓመቱ ይምጣ ወይስ ይቅር?

ፍሬ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ የሰሜን ሸዋ ልጆች። እኔ ያለሁት እዚሁ አገር ቤት ነው። እናንተን የማስቸግረው የውጭውን ኑሮ ስለምታውቁት ነው።

ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ ረዳት አብራሪ ነው። የሚሠራው በትልልቆቹ አየር መንገዶች ስም ወደ ትናንሽ ከተሞች ከሚበሩት፣ ሪጅናል ከሚሏቸው ኩባንያዎች በአንዱ ነው። አባታችን ያረፈው አምና ታኅሣሥ ነበር፤ ሙት ዓመቱ ደርሷል። መሃል ሜዳ ያሉት አጎቶቻችን «የበኩር ልጁ ሳይኖር ምን ዓይነት ሙት ዓመት ነው?» ብለዋል። እናቴ አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ ልቧ እዚያው ነው። ሁሉም የሚያስበው አብራሪ ስለሆነ በፈለገው ቀን ተነስቶ ይመጣል ብሎ ነው።

እሱ ግን ፈቃድ የለኝም ይላል። ገና «ሪዘርቭ» ላይ ነው። ሲደወልለት በሁለት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መገኘት አለበት። ቤቱ ሜሪላንድ፣ የሥራ መነሻው ሌላ ግዛት ነው። ስለዚህ ሥራ ሲኖረው የሚያድረው አብራሪዎች በጋራ በተከራዩት ቤት፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ እያወራን ንግግሩን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው። ስልኩ ደረቱ ላይ ወደቀ። የሚታየኝ የላይኛው አልጋ ጣውላና የተሰቀለ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ነበር። ትንፋሹን እየሰማሁ ቆየሁ። በማግሥቱ በረራ ነበረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭንቀቴ ከሙት ዓመቱ አልፏል።

ሌላም አለ። ማኅበራቸው ለአድማ ፈቃድ ድምፅ ስጡ ብሏል። እሱ ደግሞ ለዜግነት አመልክቷል። ድምፅ ቢሰጥ ወረቀቱን ይነካበት ይሆን? አድማው እውነት ቢሆንስ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የአንኮበር ልጅ፣ ቺካጎ

እህቴ ፍሬ፣ የአባታችሁን ነፍስ ይማር። እኔም ሪጅናል ላይ ሠርቼ ነው ትልቁ አየር መንገድ የገባሁት፤ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እዚህ የአብራሪ ኑሮ የሚወሰነው በሲኒየሪቲ ነው። ስትቀጠሪ ቁጥር ይሰጥሻል። የምትነሺበት ከተማ፣ የወር ፕሮግራምሽ፣ የዓመት ፈቃድሽ ሁሉ በዚያ ቁጥር ተራ ነው። ኩባንያ ብትቀይሪ ከመጨረሻው ትጀምሪያለሽ። ታኅሣሥ ላይ የፈረንጅ ገና አለ፤ ያንን ጊዜ ነባሮቹ ይወስዱታል። ለአዲሶቹ የሚደርሳቸው ሰው የማይጓዝበት ወቅት ነው። ወንድምሽ የነገረሽ እውነቱን ነው።

ድካሙን በተመለከተ ሕግ አለ። ፓርት 117 ይባላል፤ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2014 ነው። ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ያልተቋረጠ የመኝታ ጊዜ መሆን አለበት። ሁለት አብራሪ ብቻ ሲሆኑ በረራው እንደ መነሻ ሰዓቱ ከ8 ወይም ከ9 ሰዓት አይበልጥም። በ28 ቀን 100 ሰዓት፣ በዓመት 1,000 ሰዓት ነው ጣሪያው። አብራሪው ራሱም ከመብረሩ በፊት ብቁ ነኝ ብሎ ያረጋግጣል። ደክሞኛል ካለ ኩባንያው ሊያስበረው አይችልም።

ይህ ሕግ የመጣው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ፌብሩዋሪ 12፣ 2009 የኮልጋን ኤር 3407 በረራ ከኒውዋርክ ተነስቶ ቡፋሎ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 49 ሰዎችና የወደቀበት ቤት ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል በሜምፊስ በኩል ተጉዛ ነበር ሥራ የገባችው። ካፒቴኑ ኤርፖርት ውስጥ፣ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ነው ያደረው። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት ያደረጉት ካፒቴኑ ለአውሮፕላኑ የመውደቅ ማስጠንቀቂያ የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ነው። ድካሙ ምን ያህል እንደጎዳቸው ግን ለክቶ መናገር አልተቻለም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ዋሽንግተን እየተመላለሱ ሕግ አውጪዎቹን ወጥረው ያዙ። የ2010ሩ ሕግ በእነሱ ጥረት ነው የወጣው። ረዳት አብራሪም 1,500 ሰዓት ሳይበር አይቀጠር የሚለው የመጣው በዚያው ነው።

ስለ ወንድምሽ የለፈለፈውን ሰው ሁሉ አትስሚ፤ ሕጉ አለ፣ ይጠቀምበት።

ሸዋ ሮቢት፣ ዳላስ

ካፒቴን፣ ሕጉን በደንብ አስረዳህ፤ እናመሰግናለን። ግን ዋናውን ነገር ዘለልከው። ከሜሪላንድ ወደ ሥራ ቦታው የሚጓዝበት ሰዓት ከየትኛው ይቆጠራል?

እኔ የጭነት መኪና ነጂ ነኝ። 10 ሰዓት ካረፍኩ በኋላ 14 ሰዓት ይሰጠኛል፤ ከዚያ ውስጥ መንዳት የምችለው 11 ነው። መኪናው ላይ የተገጠመው መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር ቢለምነኝ «ሰዓቴ አልቋል» ነው መልሴ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይከራከረኝም። ፓይለቱ ግን «ደክሞኛል» ብሎ በገዛ አፉ መናገር አለበት። አዲስ ተቀጣሪ፣ የውጭ አገር ሰው፣ ዕዳ ያለበት። እንዴት አድርጎ ይናገር?

የአንኮበር ልጅ፣ ቺካጎ

ልክ ነህ ወንድሜ። የመመላለሻው ሰዓት የትም አይቆጠርም። አብራሪው የፈለገበት ከተማ የመኖር መብት አለው፤ አርፎ የመምጣት ኃላፊነቱም የራሱ ነው ተብሎ ታለፈ። ኮልጋን ላይ የታየው ችግር እሱ ሆኖ ሳለ ሕጉ ሳይነካው ቀረ። ይህ እኔንም ያንገበግበኛል።

«ደክሞኛል» ሲባል ሪፖርት ይጻፋል፤ ኮሚቴ ያየዋል። የዚያን ቀን ደመወዝ ይከፈል አይከፈል የሚለው በየኩባንያው ውል ነው። ለዚህ ነው ማኅበር የሚያስፈልገው።

እትዬ የመንዟ፣ ለንደን

ፍሬ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ አውሮፕላኑ ሕግ አላውቅም። ስለ ሙት ዓመት ግን ላስታውስሽ።

ታኅሣሥ እኮ የነቢያት ጾም ነው! በሬ አይታረድ፣ ቅቤ አይቀመስ። በሽሮና በዳቦ ነው የምታበሉት። ጸሎተ ፍትሐቱ በቀኑ ይደረግ፤ ቄሶቹና ጎረቤት ጠላ ቀምሰው ይሂዱ። ድግሱን ከጥምቀት በኋላ አድርጉት። ልጁም በዚያ ጊዜ ፈቃድ አያጣም፤ ካፒቴኑ ሰው የማይጓዝበት ወቅት ያለው ያ አይደለም? አጎቶችሽን አንድ የንስሐ አባት ይዘሽ አነጋግሪያቸው። የመንዝ ሰው በቁጣ አይመለስም፤ ቄስ ሲለው ግን ይሰማል።

ደግሞ አደራ፣ ልጁን በገንዘብ አታስጨንቁት። እኔ እናቴ ስትሞት አልደረስኩም። ብር ላክሁ፤ ትልቅ ድንኳን ተጣለ፣ ፎቶው መጣልኝ። በፎቶው ውስጥ የእናቴን በርኖስ አንዲት የማላውቃት ሴት ለብሳዋለች። ለማን እንደተሰጠ እንኳ የነገረኝ የለም። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቀብሯ ካለቀስኩት ይበልጣል።

ፍሬ፣ ከደብረ ብርሃን

እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የጾሙ ነገር እኮ ከመካከላችን አንድም ሰው አላነሳውም! ነገ እናቴ ጋ እደውላለሁ።

ገንዘቡን ካነሱት ዘንድ፦ አጎቴ አስቀድሞ ሂሳብ ልኮለታል። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ ከተለቀቀ ወዲህ እዚህ ያለው ሰው ዶላሩን አባዝቶ ነው የሚያስበው። ጤፉና ዘይቱ አብሮ መጨመሩን ግን ሂሳብ ውስጥ አያስገባውም። ወንድሜ ለበረራ ትምህርቱ የተበደረውን ገና እየከፈለ ነው።

ሸዋ ሮቢት፣ ዳላስ

የመንገዱስ ነገር? ከጣርማ በር ታጥፎ መሃል ሜዳ መግባት እንደ ድሮው ነው እንዴ? ሁለት ሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው መንገድ ተዘግቶበት ቢቀር ሥራውን ያጣል። እኔ ብሆን እናትየውን ደብረ ብርሃን አምጥቼ እዚያው አገኛት ነበር።

ፍሬ፣ ከደብረ ብርሃን

አንዳንድ ሳምንት ክፍት ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል። ቀድሞ የሚያውቅ የለም። እናቴ ደግሞ መቃብሩን ትቼ የት እሄዳለሁ ትላለች።

የእነዋሪው፣ አትላንታ

ውይይቱን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔም ሪጅናል ላይ ነበርኩ። ኩባንያዬ ተዘግቶ ሲኒየሪቲ ቁጥሬ ዋጋ አጣ፤ ሌላ ቦታ ከመጨረሻ ጀመርኩ። ስለዚህ ካፒቴኑ ማኅበሩን ሲያሞግስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አልፓ የሚባለው የአብራሪዎች ማኅበር የትልቁን አየር መንገድ የዴልታን አብራሪዎችም ይወክላል፣ ለዴልታ የሚበረውን ሪጅናል የኤንዴቨርንም ይወክላል። የሁለቱ ጥቅም ሲጋጭ ለማን ይቆማል? ሪጅናል ከ76 ወንበር በላይ አይብረር የሚለውን ገደብ ውላቸው ውስጥ ያስገቡት የትልልቆቹ አብራሪዎች ናቸው። ኩባንያዎቹ ደግሞ ሪጅናሎቹን እርስ በርስ ያፎካክራሉ፤ የረከሰው ሥራውን ይወስዳል። በፈረንጅ 2001 የዴልታ ሪጅናል የነበረው የኮምኤር አብራሪዎች 89 ቀን አድማ መቱ። ደመወዝ ተጨመረላቸው። በ2012 ዴልታ ኩባንያውን ዘጋው። ፍሬ፣ ወንድምሽ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይህን ይወቅ።

የአንኮበር ልጅ፣ ቺካጎ

ወንድሜ፣ ኮምኤር የተዘጋው ከአድማው 11 ዓመት ቆይቶ ነው። ባለ 50 ወንበር አውሮፕላኖቹ አርጅተው፣ ነዳጅ ተወድዶ አላዋጣ ስላለ ነው። በዚያ አድማ የተገኘው ውል ግን ሌሎቹ ሪጅናሎች ሲደራደሩ የሚጠቅሱት ሆነ።

ፍሬ፣ አንቺን ከሚመለከተው አንዱን ልመልስልሽ። የአድማ ፈቃድ ድምፅ ማለት አድማ ማለት አይደለም። የአየር መንገድ ሠራተኛ የሚተዳደረው በ1926ቱ የባቡር ሠራተኞች ሕግ ነው፤ በ1936 ወደ አየር መንገድም እንዲሠራ ተደረገ። በዚያ ሕግ መሠረት የመንግሥት አሸማጋይ ቦርድ እስካልለቀቃቸው ድረስ በውል ድርድር ሥራ ማቆም አይችሉም። ከለቀቃቸውም በኋላ 30 ቀን መጠበቅ አለ። ፕሬዚዳንቱም ጣልቃ ሊገባ ይችላል። ነገ ተነስተው ሥራ አያቆሙም።

የዜግነቱን ነገር በተመለከተ፣ በማኅበር ድምፅ መስጠት ሕጋዊ መብቱ ነው። ለሁለት ሳምንት አገር ቤት ሄዶ መመለሱም የነዋሪነት ጊዜውን አያቋርጥበትም፤ አስጊ የሚሆነው ከ6 ወር ሲያልፍ ነው። ግን ማመልከቻው ላይ ምን እንደሞላ እኔ አላየሁም። ጠበቃ ያሳይ።

ሲመጣ ደግሞ በሠራተኛ ቅናሽ ቲኬት እንዳይመካ። ያ ትርፍ ወንበር ሲገኝ ብቻ ነው። ከጥምቀት ማግሥት ከአዲስ አበባ ወደ ዳላስ ኤርፖርት የሚሄደው ሊሞላ ይችላል። የተረጋገጠ ቲኬት ይግዛ።

ሸዋ ሮቢት፣ ዳላስ

ዳላስ ሲል የዋሽንግተኑን ነው፤ እኔ ጋ እንዳይመጣባችሁ።

እትዬ የመንዟ፣ ለንደን

ልጁ አዝኗል፤ አባቱን አልቀበረም። እንቅልፍ ማጣቱ ከሥራው ብቻ አይመስለኝም። የሚያነጋግረው ሐኪም የለም?

የአንኮበር ልጅ፣ ቺካጎ

እትዬ፣ ልክ ነዎት፤ ግን አብራሪ ሐኪም ይፈራል። የጤና ምስክር ወረቀት ሲያድስ ባለፉት 3 ዓመታት ያየኸውን ባለሙያ ሁሉ ጻፍ ይባላል። ብዙዎች እንጀራችን ይቋረጣል ብለው ዝም ይላሉ። ለሐዘን ማማከር ብቻ ከሥራ ያስወጣል ማለት አይደለም። ማኅበሩ የራሱ የሕክምና አማካሪዎች አሉት፤ መጀመሪያ እነሱን ይጠይቅ። ፍሬ፣ ስልኬን በውስጥ ልኬልሻለሁ፤ ይደውልልኝ።

የእነዋሪው፣ አትላንታ

አሁንም ማኅበር! በ2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ ሦስት ሪጅናሎች የጀማሪ ረዳት አብራሪ ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር የገባው በማኅበር ጉልበት ነው? አብራሪ ስለጠፋ ነው። እጥረቱ ሲያልፍ እናያለን።

ፍሬ፣ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትልቁ አጎቴ ድግሱ ከጥምቀት በኋላ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ሰምቶ «ቄሱ ካሉ» ብሏል፤ ትንሹ እምቢ እንዳለ ነው። ወንድሜ ለካፒቴኑ እደውላለሁ ብሏል። «ደክሞኛል ብለህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። አንድም ቀን አላልኩም አለኝ። አድማውን ይደግፍ አይደግፍ ግን የናንተን ክርክር ካነበበ በኋላ ጭራሽ ግራ ገብቶታል።

የአንኮበር ልጅ፣ ቺካጎ

የእነዋሪው፣ እጥረቱ ገንዘቡን አምጥቶት ሊሆን ይችላል። ውል ላይ ያሰፈረው ግን ማነው? አንተ የሠራህበት ውል ውስጥ ለድካም ሪፖርት ክፍያ ነበረ? መጀመሪያ ይህን መልስልኝ።

የእነዋሪው፣ አትላንታ

ነበረ። አንድ ጊዜ ሪፖርት አድርጌ ኮሚቴው አልተቀበለኝም፤ ደመወዜም ተቆረጠ። የማኅበሩ ተወካይ እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሁን አንተ መልስልኝ።