የይለፍ ቃሌን ቀይሬም ደብዳቤዎቼን ሌላ ሰው እያነበበብኝ ነው

ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት እወስዳለሁ። ቀጠሮ የምይዘው በጂሜይል ነው፤ በስልኬና በቤት ኮምፒውተሬ እጠቀማለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ «ሳጥንዎ ስለሞላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። የእንግዳ ወቅት ነውና ደንግጬ ማያያዣውን ተጫንሁ፤ የይለፍ ቃሌንም ጻፍሁ። ቆይቼ የላኪውን አድራሻ ሳየው ጉግል በሚለው ስም ውስጥ አንዱ «ኦ» ዜሮ ነበር። ምነው ቀድሜ እርሱን ባየሁ!

በዚያው ምሽት የይለፍ ቃሉን ቀየርሁ፣ የገቡትን መሣሪያዎች ሁሉ አስወጣሁ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አበራሁ። የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩ የእኔው እንደሆነ አይቻለሁ።

ዓርብ ግን አንዲት ደንበኛ ደወለችልኝ። የ6,000 ብር ቀብዱን በሌላ የባንክ ሂሳብ እንድታስገባ በእኔ ስም ተጽፎላታል፤ ደግነቱ ሳትከፍል ጠየቀችኝ። አድራሻውን ፊደል በፊደል አስነበብኋት፤ የእኔን ይመስላል፣ አንድ ፊደል ግን ተደግሞበታል። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፦ መልሱ ከሥሩ እርሷ ሐሙስ ለትክክለኛው አድራሻዬ የጻፈችውን ደብዳቤ ቃል በቃል ይዟል። ያ ደብዳቤ በገቢ ሳጥኔ የለም። የይለፍ ቃሉን ከቀየርሁ ሁለት ቀን ካለፈው በኋላ የተላከ ነው!

እንግዶች የፓስፖርታቸውን ቅጂ የሚልኩልኝ በዚሁ ሳጥን ነው። የራሴ ምስጢር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ።

ደብዳቤዎቼን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያሻግር ትእዛዝ ተደብቆ ቀርቶ ከሆነ፣ በጂሜይል ማስተካከያ ውስጥ የትኛው ገጽ ላይ ላገኘውና ላጠፋው እችላለሁ?