የቃሊቲን የተጣራ ፍሳሽ ለመጠጥ? ዊንድሁክ ከቻለች እኛ ምን ይጎድለናል?

ጠብታ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ብዙ ነው፤ ጀሪካን ደርድሮ ሌሊት መጠበቅ ለማንም አዲስ አይደለም። በዚያው ከተማ የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተሠርቶ፣ ያጣራውን ወንዝ ውስጥ ይለቀዋል። የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ፍሳሿን አጣርታ በቀጥታ ወደ መጠጥ መስመር ትመልሳለች።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። እዚያ በትክክል ምን ምን ያደርጉለታል? አደጋው የት ላይ ነው? እኛስ ውሃ ሲጠፋ ቃሊቲ ላይ አንድ ሁለት ማሽን ጨምረን መጠጣት እንችላለን ወይ? «ይቀፋል» የሚለውን መልስ ዝለሉት፤ እኔንም ይቀፈኛል። ቁጥር ያለው ነገር ስጡኝ።

ሁለተኛ ማጣሪያ፦

ሰው ስለ ዊንድሁክ ሲያወራ ከማሽኑ ነው የሚጀምረው፤ ሥራው ግን የሚጀምረው ከቱቦው ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ተለይቶ ወደ ሌላ ማጣሪያ ይሄዳል። ለመጠጥ የሚመለሰው የቤት ፍሳሽ ብቻ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም ወይም የጋራዥ ዘይት አንዴ ከገባ በኋላ መልሶ ማውጣቱ እጅግ ውድ ነው፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይወጣም። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ጎደሎ ይኸው ነው።

ከዚያ ጋማምስ በሚባለው ጣቢያ ባክቴሪያ ቆሻሻውንና ናይትሮጂኑን ይበላዋል። ከእሱ የወጣው ወደ ጎሬአንጋብ ያልፋል። የአሁኑ ጎሬአንጋብ በ2002 ሥራ የጀመረ ሲሆን አቅሙ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ከቃሊቲ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የከሰል ዱቄትና ኦዞን (ተውሳክ የሚገድል፣ ቆሻሻ የሚሰባብር ጋዝ)፣ ቀጥሎ ፌሪክ ክሎራይድ ጨምሮ ጥቃቅኑን ቆሻሻ ማጓጎል። ከዚያ ከሥር ደቃቅ የአየር አረፋ ይለቀቃል፤ እርጎ ሲናጥ ቅቤው እንደሚወጣ ሁሉ ጓጓላው ወደ ላይ ይንሳፈፍና ይገፈፋል። ቀጥሎ በአሸዋና በአንትራሳይት (ጠንካራ የድንጋይ ከሰል) ማጥለል። እንደገና ኦዞን፣ አሁን በደንብ። ኦዞኑ የሰባበረውን ኦርጋኒክ ነገር ከሰል ላይ ያደጉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፣ የተረፈውን ሌላ የከሰል ታንክ ይይዘዋል። በመጨረሻ ቀዳዳው 0.04 ማይክሮን አካባቢ በሆነ አልትራፊልትሬሽን በሚባል ረቂቅ ወንፊት ያልፋል (አንድ ሚሊሜትር ለ25,000 ሲካፈል ማለት ነው)፤ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ቧንቧ እንዳይበላም በኮስቲክ ሶዳ ይስተካከላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ብቻውን አይጠጣም። ከግድብና ከጉድጓድ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ድርሻው ቢበዛ 35 በመቶ ነው። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልህ፣ አንዱ ጨው ነው። ከላይ ከጠቀስኩት ውስጥ የሟሟ ጨው የሚያወጣ አንድም ደረጃ የለም። ሒሳቡን በወረቀት ሥራው። ከግድብ የሚመጣው በሊትር 300 ሚሊግራም ጨው አለው እንበል፤ ቤት ገብቶ ሽንት፣ ሳሙናና የሳህን እጣቢ ሆኖ ሲወጣ ሌላ 300 ገደማ ይጨምራል። ከሚጠጣው 35 በመቶው ተመላሽ ከሆነ፣ ዑደቱ ሲረጋ ቧንቧው ላይ 460 አካባቢ ይቆማል። ግማሽ በግማሽ ከሆነ 600 ይሆናል። ተመላሹ 80 በመቶ ከሆነ ግን 1,500 ይደርሳል። ከ1,000 ካለፈ ቡናው ራሱ ይነግርሃል።

የመለኪያ ክፍል፦

ለሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ። አደጋው «ማሽኑ አያጣራም» የሚለው ላይ የለም፤ ማሽኑ ያጣራል። አደጋው ማሽኑ ማጣራት ያቆመባትን ሰዓት ማንም ሳያውቃት ስታልፍ ነው።

ካሊፎርኒያ በቀጥታ ለመጠጥ ለሚመለስ ውሃ በ2023 ያጸደቀችው ደንብ ቫይረስ በ20 ሎግ፣ ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም (ባጭሩ ክሪፕቶ) የሚባሉት ተቅማጥ የሚያመጡ ጥገኛ ተውሳኮች ደግሞ በ14 እና በ15 ሎግ እንዲቀነሱ ይጠይቃል። አንድ ሎግ ማለት ከአሥር አንድ ብቻ ቀረ ማለት ነው፤ 12 ሎግ ማለት ከአንድ ትሪሊዮን አንድ። ቁጥሩ የተጋነነው አንዱ አጥር ቢወድቅ የቀሩት እንዲበቁ ተብሎ ነው። አንድ ደረጃ ብቻውን ይህን አይሰጥም። ክሎሪን ለምሳሌ ባክቴሪያን በደቂቃዎች ይገድላል፣ ክሪፕቶን ግን አይነካውም ማለት ይቻላል። አልትራቫዮሌት ጨረር ክሪፕቶን በቀላሉ ይመታል፣ አንዳንድ ቫይረስ ደግሞ ብዙ ጨረር ካላገኘ አይበገርለትም።

ምን ይበላሻል? የአልትራፊልትሬሽን ሞጁል ውስጥ እንደ ስፓጌቲ የታጨቁ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አንዷ ስትበጠስ ወይም አንድ ጎማ ሲላላ ያልተጣራው ሾልኮ ይገባል፣ ውሃው ግን ለዓይን ንጹሕ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ውሃው ይወጣና በአንድ ባር ገደማ አየር ይሞላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ተዘግቶ ግፊቱ ምን ያህል እንደወረደ ይታያል። ከልኩ በላይ ከወረደ ሞጁሉ ከመስመር ይወጣል። ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ የሚተፋው ቱቦ ተፈልጎ ይደፈናል።

ኦዞን የራሱ ጣጣ አለው። ውሃው ውስጥ ብሮማይድ የሚባል ጨው ካለ ብሮሜት የሚባል ጎጂ ነገር ይሠራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑን በሊትር 10 ማይክሮግራም አድርጎታል። ከሰሉም ይጠግባል። የጠገበ ከሰል መልኩ ስለማይለወጥ በወጪው ላይ ኦርጋኒክ ካርቦን የማይለካ ጣቢያ ሳያውቀው ውሃን በጥቁር ድንጋይ ያሳልፋል።

መብራትስ? ሲጠፋና ሲመጣ የአልትራቫዮሌት መብራቶቹ ሙሉ ኃይል ላይ እስኪደርሱ ደቂቃዎች ይፈጃሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ቫልቩ ኃይል ሲያጣ በራሱ የሚዘጋ ዓይነት ካልሆነ ያልታከመ ውሃ ያልፋል። ጄኔሬተር ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ጄኔሬተር እስኪነሳም ጊዜ አለ።

ኮሊፎርም (የሰገራ ብክለት ጠቋሚ ባክቴሪያ) ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤት ለመስጠት 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ውሃው ተጠጥቷል። ስለዚህ ውሳኔው ሁሉ በመስመር ላይ መለኪያ ነው፦ ድፍርስነት፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ኦዞን፣ የክሎሪን ቀሪ። ዊንድሁክ ላይ ከልክ ሲያልፍ ጣቢያው ወደ ከተማ መላኩን አቁሞ ውሃውን ወደ ኋላ ያዞረዋል። ቀላቅለው ስለሚጠጡ ከተማው ያን ጊዜ በሌላ ምንጭ ይቆያል። ሌላ ምንጭ የሌለው ከተማ ይህን ማድረግ አይችልም። «ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ እንጠጣው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ጋ ነው የሚሰበረው።

ዊቺታ መንገድ፦

በእጥረት ጊዜ የተደረገ ካላችሁ ከአሜሪካ ሁለት ምሳሌ አለ፤ አንዱ አርአያ የሚሆን፣ አንዱ የማይሆን።

አርአያ የማይሆነው ካንሳስ ውስጥ ያለችው ቻኑት ናት። በ1956 ወንዟ ሲደርቅ የተጣራ ፍሳሿን ወደ መቅጃው መልሳ፣ ክሎሪን አብዝታ ለአምስት ወር ጠጣች። ባክቴሪያው በክሎሪን ተያዘ። ውሃው ግን ቢጫ አለ፣ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ የሳሙና አረፋ ያወጣ ነበር፣ ሽታና ጣዕሙም ሰውን ወደ ጠርሙስ ውሃ ገፋው። ከላይ በጨው ሒሳብ እንደታየው፣ የማይወጣ ነገር በየዙሩ ሲጠራቀም ማለት ነው።

አርአያ የሚሆነው ዊቺታ ፎልስ፣ ቴክሳስ። በ2014 በቀን 5 ሚሊዮን ጋሎን (19,000 ሜትር ኩብ ገደማ) ተመላሽ ውሃ በሜምብሬን (ረቂቅ ማጣሪያ)ና በአርኦ (የሟሟ ጨው ጭምር በግፊት በሚያስቀር ሜምብሬን) አሳልፈው፣ ከሐይቅ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለው፣ እንደገና በመደበኛው ማጣሪያ አሳለፉት። አንድ ዓመት ያህል ሠራ፤ በ2015 ዝናቡ ሲመጣ ቆመ። በፍጥነት የቻሉት ከተማዋ ጨዋማ የሐይቅ ውሃ ለማጣራት ቀድማ የገዛችው የአርኦ ጣቢያ ስለነበራት ነው። የጎደላቸው ቧንቧና ፈቃድ ነበር፤ ቧንቧውን መሬት ላይ ዘረጉት።

ጠብታ፦

ታዲያ ጨው ችግር ከሆነ ቃሊቲ ላይም አርኦ ይተከላ! ኦሬንጅ ካውንቲ ካሊፎርኒያ በቀን 130 ሚሊዮን ጋሎን በአርኦ ያጣራል አይደል?

ሁለተኛ ማጣሪያ፦

ያጣራል፤ ግን ወደ ከርሰ ምድር ነው የሚያስገባው፣ ደግሞ ባሕር ዳር ነው። አርኦ ከገባው ውሃ 80 በመቶ አካባቢ ንጹሕ ይሰጥሃል፤ 20 በመቶው ጨውና መድኃኒት አምስት እጥፍ የተጠራቀመበት ብራይን ይሆናል። ከ100,000 ሜትር ኩብ 20,000 ማለት ነው፣ በየቀኑ። ኦሬንጅ ካውንቲ ውቅያኖስ ውስጥ ይለቀዋል። አንተ የት ትደፋዋለህ? አቃቂ ወንዝ ውስጥ ከደፋኸው ከበፊቱ የባሰ አደረግከው። ለዚህ ነው ባሕር ለሌለው ደጋ ከተማ የዊንድሁክ ዓይነቱ፣ የኦዞንና የከሰል መንገድ፣ ይሻላል የምለው። ጨውን በማቀላቀል ትይዘዋለህ።

ሌላው፣ ቃሊቲ ላይ ያለው ሂደት አየር አልባ ታንክና ከላይ የሚንጠባጠብ ማጣሪያ ነው። ለወንዝ ጥሩ ነው፣ በኃይልም ቆጣቢ ነው። አየር አልባው ታንክ ግን አሞኒያ አይቀንስም፣ የሚንጠባጠበውም በከፊል ነው። አሞኒያ የቀረበት ውሃ ላይ ነጻ ክሎሪን እንዲገኝ ለአንድ ሚሊግራም አሞኒያ ናይትሮጂን ከ8 እስከ 10 ሚሊግራም ክሎሪን ይሄዳል። በሊትር 20 ሚሊግራም ቢቀር 160 እና ከዚያ በላይ ክሎሪን ልትጨምር ነው። ይህን ማንም አያደርገውም። ስለዚህ «አንድ ሁለት ማሽን» ያልከው መጀመሪያ ባዮሎጂውን እንደገና መሥራት ነው፤ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ።

አቃቂ ዳር፦

ከክርክሩ ውስጥ የጠፋ ነገር አለ። ሳናቅድ እየጠጣነው ነው። የአቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። አዳማ የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ከአዋሽ ነው። ወንዙ ያቀጥነዋል፣ ፀሐይና ጊዜ ይረዳሉ፣ ግን ያው ውሃ ነው። አታክልቱንም ጨምሩበት፤ በወንዙ ዳር የሚበቅለው ሰላጣና ጎመን ጥሬውን ይበላል።

ስለዚህ የቃሊቲ ውሃ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ማሳ ነው ባይ ነኝ። ለጥሬ አትክልት የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በ100 ሚሊሊትር ከ1,000 ኢ. ኮላይ ያልበለጠ፣ በሊትር ከአንድ የወስፋት እንቁላል ያልበለጠ ነው። እንቁላሉን ክሎሪን አይገድለውም፤ የሚያስወግደው መዝቀጥ ነው፣ ከ8 እስከ 10 ቀን የሚቆይበት ኩሬ። የኩሬ ቦታ ማግኘት ከኦዞን ማሽን ይቀላል።

ከበኤር ሼባ፦

እዚህ እስራኤል የተደረገው ይኸው ነው። የቴል አቪቭ አካባቢ ፍሳሽ ሻፍዳን በሚባለው ጣቢያ ይጣራል፣ አሸዋማ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ተደርጎ ወራት ይቆያል፣ ከዚያ ተቀድቶ ወደ ኔጌቭ እርሻ ይላካል። ቧንቧው ሐምራዊ ነው፤ ከመጠጥ መስመር ጋር እንዳይምታታ። ለመጠጥ የባሕር ውሃ አጣርተዋል። የባሕር ውሃ ለአንድ ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ፍሳሽን በሜምብሬን ማጣራት ከዚያ ግማሽም አይሞላም፤ እንዲያም ሆኖ ውዱን መረጡ። እርሻው ተመላሹን ሲወስድ ንጹሑ ለቤት ይተርፋል።

የመለኪያ ክፍል፦

@አቃቂ ዳር በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሳይታቀድ የሚጠጣ ካለ፣ ለአዳማ ሰው በመለኪያ የታጠረው ይሻለዋል እንጂ «ወንዙ ያጠራዋል» የሚለው አይሻለውም። ሕዝቡንም ከማሽኑ በፊት መጠየቅ ነው። የአውስትራሊያዋ ቱዉምባ በ2006 ድርቅ ውስጥ ሆና ድምፅ ስትሰጥ 62 በመቶ ያህሉ እምቢ አለ፤ ዕቅዱ የቀረው በኬሚስትሪ አልነበረም።

ጠብታ፦

እሺ፣ ተማርኩ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የቤት እጣቢን በከሰልና በአሸዋ አጣርቶ፣ አፍልቶ መጠጣትስ?

ሁለተኛ ማጣሪያ፦

አይሆንም። ማፍላት ተውሳክ ይገድላል፤ ሳሙናውን፣ ናይትሬቱንና ጨውን ግን ውሃው በተነነ ቁጥር ያወፍራቸዋል። የባልዲ ከሰል ደግሞ መቼ እንደጠገበ የምታውቅበት መለኪያ የለህም።

እጣቢውን ለሽንት ቤት አውለው። አምስት ሰው በቀን አራት አራት ጊዜ በ8 ሊትር ቢለቅ 160 ሊትር ነው፣ ስምንት ጀሪካን። የልብስ ማጠቢያውን ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ በክዳን ባልዲ ያዝ፤ የመጀመሪያው ቆሻሻ ስለሚበዛበት ቶሎ ይሸታል። የወጥ ሳህን እጣቢ ቅባት ስላለው አትቀላቅል። ከ24 ሰዓት በላይ አታቆየው። ከላይ ወደ መቀመጫው ድፋው እንጂ የፍላሽ ታንክ ውስጥ አትጨምረው፤ ዝቃጩ ጎማውን ይይዘውና ታንኩ ሲያንጠባጥብ ያድራል፣ ያጠራቀምከውም በዚያው ይሄዳል።